ከአራስ ልጅ ጋር ስናወራ የምንሠራቸው ስህተቶች

ጎንደር ላይ አራስ ልንጠይቅ ስንሄድ ገንፎው ይቀርባል፣ ቡናው ይፈላል፣ ጨዋታው ይደራል። እናቲቱን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እንላታለን። ሕፃኑን ግን አይተን፣ መርቀን እንመለሳለን። የሚያናግረው የለም። እኔም ለዓመታት እንደዚያው ነበርኩ። የእህቴ ልጅ አዘዞ ስትወለድ ነው ነገሩን በደንብ ማንበብ የጀመርኩት።

1. «ገና ምን ይሰማዋል?» ማለት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ጽንሱ ከመወለዱ ሦስት ወር ገደማ ቀድሞ መስማት ይጀምራል። የእንሽርት ውሃው ቃላቱን ያደበዝዛቸዋል፤ ዜማውንና ምቱን ግን ያሳልፋል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ማኅሌት ሲቆም ከቅጥሩ ውጭ ሆናችሁ አዳምጣችሁ ታውቃላችሁ? ቃሉ አይለይም፣ ዜማው ግን ይደርሳል። ለጽንሱም የእናቱ ንግግር እንደዚያ ነው።

በ1980 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ውስጥ ሦስት ቀን ላልሞላቸው ሕፃናት ከቴፕ ጋር የተያያዘ የሚጠባ ጎማ ሰጧቸው። በአንድ ዓይነት አጠባብ የእናታቸው ድምፅ ይሰማል፣ በሌላ ደግሞ የሌላ ሴት። ሕፃናቱ የእናታቸውን ድምፅ ለመስማት ሲሉ አጠባባቸውን ቀየሩ! በ1988 ደግሞ የአራት ቀን ፈረንሳዊ ሕፃናት ፈረንሳይኛን ከሩሲያኛ ሲለዩ ታይተዋል። ለቅሷቸው እንኳ የአገራቸውን ዜማ ይይዛል፦ በ2009 በወጣ ጥናት የፈረንሳይ አራሶች ለቅሶ ወደ ላይ ሲወጣ፣ የጀርመኖቹ ወደ ታች ይወርዳል።

አንጎላቸውስ? በ2003 የወጣ የጣሊያን ጥናት በራስ ቅል የሚያልፍ ደካማ ብርሃን ተጠቅሞ የአራሶችን አንጎል ተመለከተ። ንግግር ሲሰሙ ግራው ክፍል በይበልጥ ሠራ። ያንኑ ቅጂ ከኋላ ወደ ፊት ሲያጫውቱላቸው ግን እንደዚያ አልሆነም። ድምፁ ያው ነው፤ አንጎሉ የፈለገው ንግግርን ነው።

ስለዚህ ስታጥቡት «አሁን እግርህን ነው የማጥበው የኔ ጌታ» በሉት። አያቶቻችን በእሹሩሩ ሲያባብሉ ቋንቋም እያስተማሩ ነበር።

2. ቴሌቪዥኑ ያውራለት ማለት

ከፍቶ መተው ቀላል ነው፣ በተለይ እናት ስትደክም። ግን ሰውን አይተካም። በ2003 የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናት የቻይንኛ ድምፆችን ፊት ለፊት ከሚያጫውታቸው ሰው ተማሩ። ያንኑ በቪዲዮ ያዩት አልተማሩም። የዓለም ጤና ድርጅትም ዓመት ላልሞላው ልጅ ስክሪን አይመክርም።

3. «ሁለት ቋንቋ ያደናግረዋል» ብሎ አያትን ማስቆም

እናት አማርኛ፣ አያት ትግርኛ የሚናገሩበት ቤት እኛ ጋ ብርቅ አይደለም። «እማማ፣ በአማርኛ ብቻ አናግሩት» ሲባሉ ሰምቻለሁ፤ አዝኛለሁም። በእርግዝናቸው ጊዜ እንግሊዝኛና ታጋሎግ (የፊሊፒንስ ቋንቋ) ይናገሩ ከነበሩ እናቶች የተወለዱ የካናዳ አራሶች ሁለቱንም በፍላጎት አዳምጠዋል። አንዱን ከሌላውም ለይተዋል። አያት በሚጣፍጣቸው ቋንቋ ያውሩ።

4. ድምፅን ለማቅጠን ማፈር

ይሄ በአባቶች ይብሳል። ቀጠን፣ ረዘም፣ ዜማዊ አድርጎ ማውራት ልጅን አያበላሽም። የሁለት ቀን ሕፃናት ራሱ ይመርጡታል።

5. «ጊዜው ሲደርስ ይሰማል» ብሎ መጠበቅ

እዚህ ላይ አደራ እላለሁ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ጆሮው ሲሰማ ነው። ልጁ በር ሲላተም ካልደነገጠ ለሐኪም አሳዩት። ያለጊዜው ከተወለደ፣ ጠንካራ የቢጫ በሽታ ወይም ማጅራት ገትር ከያዘውም የመስማት ምርመራ ጠይቁ። አጨብጭቦ መሞከር አይበቃም፤ ጥቂት የሚሰማ ልጅም በጭብጨባ ይደነግጣል። ባለሙያዎች ችግሩ በሦስት ወር ተለይቶ እርዳታው ከስድስት ወር በፊት ቢጀመር ይመርጣሉ። ጥርጣሬ ካላችሁ ክርስትናው እስኪደርስ እንኳ አትጠብቁ።