አሮጌ ልብ ወለድ ስትገዙ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ጎንደር ፒያሳ፣ መንገድ ዳር ሸራ ላይ ከተዘረጉ አሮጌ መጻሕፍት ፊት ቁጢጥ ብዬ ያሳለፍኩት ሰዓት ብዙ ነው። እዚያ የሚገኙት ልብ ወለዶች ብዙዎቹ ዳግም አልታተሙም። ዛሬ ያለፋችሁትን ነገ መጽሐፍ መደብር ሄዳችሁ አታገኙትም፤ አበላሽታችሁ የገዛችሁትንም የሚተካላችሁ የለም።

ትልቁ ስህተት መጨረሻውን ሳያዩ መክፈል ነው። አንድ ክረምት በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት የተሸፈነ ወፍራም ልብ ወለድ ገዝቼ ሁለት ሌሊት አነበብኩት። ገጽ 288 ላይ ልጅቷ በሩን ልትከፍት እጇን ስትዘረጋ ታሪኩ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲያ የተንጠለጠለ የስፌት ክር ብቻ ነበር። መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የሚሰፋው 16 16 ገጽ እየታጠፈ ስለሆነ፣ አንዱ ጥራዝ ሲወልቅ 16ቱንም ይዞ ይሄዳል። የፊቱ ገጽም ተገንጥሎ ስለነበር ርእሱን አላውቀውም፤ ልጅቷ ምን እንደሆነች እስከዛሬ ይቆጨኛል። እናንተ ከመጨረሻው ገጽ ጀምሩ፤ ከዚያ መሐሉን እየገለጣችሁ የገጹ ቁጥር መከታተሉን እዩ። ሻጩ አይከፋም። «ጋሼ፣ ልቁጠረው?» ብላቸው «ቁጠር እንጂ ልጄ፣ ኋላ እንዳታዝንብኝ» ያሉኝ አሉ።

ኮፒን በዋናው እትም ዋጋ መግዛትም የተለመደ ነው። ለምሳሌ የበዓሉ ግርማን ልብ ወለድ ኦሮማይን ውሰዱ። በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ ወዲያው ከገበያ ስለተሰበሰበ የመጀመሪያው እትም ብርቅ ነው። «ኦርጅናል ነው» ስትባሉ ፊደሉን አቅርባችሁ ተመልከቱ። ጠርዙ የተበላ፣ ቀለሙ አንዱ ገጽ ላይ ደምቆ ሌላው ላይ የደበዘዘ፣ በኅዳጉ ጥቁር ጥላ ያለበት ከሆነ ፎቶ ኮፒ ነው። ታሪኩን ለማንበብ ከሆነ ኋላ የወጡት እትሞች ይበቃሉ።

የቤተ መጻሕፍት ማኅተም ያለበትን ዝም ብላችሁ አትግዙ። ከየት እንደመጣ ጠይቁ፤ በቂ መልስ ከሌለ ተዉት። የሚያነበው ተማሪ አለ።

ሐምሌና ነሐሴ የተገዛ መጽሐፍ እርጥበት አያጣውም። እንደመጣ መደርደሪያ ላይ ከሌሎቹ ጋር ከቀላቀላችሁት ሻጋታው ይዛመታል። ፀሐይ ላይ ማስጣት ደግሞ ወረቀቱን ቢጫ አድርጎ ያደርቀዋል፣ ሲገለጥም ይሰባበራል። ነፋስ ያለበት ጥላ ውስጥ ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አድርጋችሁ አቁሙት። ሲደርቅ ሻጋታውን ከቤት ውጭ በለስላሳ ብሩሽ አራግፉ።

የተቀደደን ገጽ በፕላስተር አትለጥፉ! ሲውል ሲያድር ቢጫ ይሆናል፣ ሲላቀቅም ፊደሉን ይዞ ይነሣል። ስስ ወረቀትና በቀጭኑ የተገነፋ የስንዴ ዱቄት ሙጫ ይሻላል።

የቀድሞ ባለቤት የጻፈውን መፋቅ ግን በጣም ያሳዝነኛል። ስም ካለበት ፎቶ አንስታችሁ አታሰራጩ፤ ጽሑፉን ግን ተዉት። ቅዳሜ ገበያ ካገኘሁት አንዱ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ለእህቴ፣ ፈተናሽን ስላለፍሽ። ጎንደር፣ 1979» ይላል። ከሥሩ በእርሳስ፣ በሌላ እጅ ጽሕፈት፣ «ሦስት ጊዜ አነበብኩት» የሚል አለ። እኔ ሁለተኛዬን ጀምሬአለሁ።