ልብ ለሚዝልበት ቀን ቀድሞ የተቀዳ ጸሎት

ኔትወርክ በሌለበት ገጠር ለወንጌል የምትሄዱ፣ ልባችሁ ሲዝል ቤት መደወል አይቻልም። ቢቻልም «ደህና ነኝ» ብለን እንዘጋዋለን። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት እናታችሁና የጸሎት ጓደኞቻችሁ ሁለት ሁለት ደቂቃ ጸሎት በድምፅ እንዲቀዱላችሁ ጠይቁ። ስልካችሁ ላይ ስም ስጡት፦ «ሲያመኝ»፣ «ሰው እንቢ ሲለኝ»፣ «በዓልን ብቻዬን ስውል»። እኔ ከጂንካ ወዲያ ሳገለግል፣ ከእናቴ ጸሎት ኋላ የቡና ሙቀጫ ይሰማ ነበር። ያ ድም ድም ራሱ ያበረታኛል።

የሚጠቅመው፣ የደከመ ሰው ጭንቀቱን ለማስረዳት አቅም ስለሚያጣ ነው። ጸሎቱ ግን ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።

እንቅልፍና ምግብ ለሳምንታት እምቢ ካላችሁ ግን በቅጂ ብቻ አትታገሉ። ጳውሎስ እንኳ ታስሮ ሳለ ጢሞቴዎስን ከክረምት በፊት እንዲመጣለት ለምኗል። ለላከቻችሁ ቤተ ክርስቲያን በግልጽ ንገሩ፤ ሰው ይምጣላችሁ።