አራቱን ቅኝቶች በቤት ኪቦርድ ላይ እንዴት መለማመድ ይቻላል

ኪቦርዱ ከውጭ የመጣ ዘመድ ያመጣው ይሁን ከደመወዝ ተቆጥቦ የተገዛ፣ በብዙ ቤት ዕጣው አንድ ነው። ለጥቂት ወራት ይነካካል፣ ከዚያ ዳንቴል ለብሶ ጥግ ይይዛል። ምክንያቱ ስንፍና ብቻ አይመስለኝም። አብሮት የሚመጣው መጽሐፍም ሆነ በስልክ የሚታየው ትምህርት የሚጀምረው በሰባት ድምፅ ስኬል፣ ማለትም በድምፆች መሰላል፣ እና ሦስት ድምፅ አብሮ በሚነካበት ኮርድ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ የሚጠየቀው ግን ትዝታ ነው፣ አለዚያም ባቲ። እጅ የለመደውና ጆሮ የሚፈልገው ሳይገናኙ ሲቀሩ መሣሪያው ይሰለቻል።

እዚህ የሚቀርበው ቀን ሥራ ውሎ ማታ ግማሽ ሰዓት ለሚያገኝ ሰው የሚሆን ሌላ መንገድ ነው። ኖታ ማንበብ አይጠይቅም። አራቱም ቅኝቶች፣ ማለትም ዜማ የሚሠራባቸው ባለ አምስት ድምፅ መሰላሎች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ፣ ከአንቺሆዬ አንድ ድምፅ በቀር ከነጭ ቁልፎች ሳይወጡ ይገኛሉ። ትዝታና ባቲ ሜጀርና ማይነር የሚባሉ ሁለት ሁለት ዓይነት አላቸው።

መሣሪያውን ማሰናዳት

61 ቁልፍ ያለው ኪቦርድ ይበቃል። 88 ቁልፍ ያለው ፒያኖ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው፣ ለዚህ ልምምድ ግን የግድ አይደለም። ያገለገለ የሚገዙ ከሆነ ሂሳብ ከመክፈልዎ በፊት እያንዳንዱን ቁልፍ አንድ በአንድ፣ መጀመሪያ ለስለስ ቀጥሎም ጠንከር አድርገው ይንኩ። ጠንከር ሲሉ ድምፁ የሚጎላ ከሆነ የጣትዎን ጉልበት የሚለይ መሣሪያ ነውና ይምረጡት። አዳፕተሩ ሌላ ከሆነ ቮልቱና የመሃል ጫፉ ምልክት፣ ፕላስ ወይም ማይነስ፣ ከኪቦርዱ ጀርባ ከተጻፈው ጋር ካልገጠመ አይሰኩት።

ኪቦርዱን አልጋ ላይ አስቀምጦ ጎብጦ መጫወት ወገብን ከመቁረጥ በቀር ጥቅም የለውም፤ ክርንዎ ከቁልፎቹ ጋር እኩል የሚሆንበት ጠረጴዛ ይፈልጉ። ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ጆሮ ማዳመጫ የጉርብትና ጉዳይ ነው። በባትሪ የሚሠራ ከሆነም መብራት መጥፋት ሰበብ አይሆንም። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበሩት ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ከቀሩ በኋላ በዋሽንግተን ታክሲ ሲነዱ ኖረዋል። በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ በመኪናቸው እየያዙ ተሳፋሪ በሚጠብቁበት ሰዓት ይለማመዱ ነበር። ጊዜ የለኝም ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

ዶን ማግኘትና መጀመር

ጥቁሮቹ ቁልፎች ሁለት ሁለትና ሦስት ሦስት እየሆኑ ተደርድረዋል። ከሁለቱ ጥቁሮች በስተግራ የተጠጋው ነጭ ቁልፍ ዶ ነው። ከዚያ ወደ ቀኝ በነጮቹ ላይ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ ይከተላሉ፤ ቀጣዩ ደግሞ ዶ ነው። ከአንዱ ቁልፍ እስከሚቀጥለው፣ ጥቁርም ይሁን ነጭ፣ ያለው ርቀት ግማሽ ድምፅ ይባላል። ከዚህ በላይ ንድፈ ሐሳብ ለአሁኑ አያስፈልግዎትም።

የመጀመሪያው ምሽት ለጥቁሮቹ ብቻ ይሁን። ከሦስቱ ጥቁሮች ግራኛውን ይንኩ፣ ሦስቱን በተራ ይውጡ፣ ከዚያ ቀጥለው ያሉትን ሁለቱን ይጨምሩ። ያ ትዝታ ሜጀር ነው። ምንም ቢነኩ ከቅኝቱ አይወጡም፤ ልጅ ያለው ሰው ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ አብሮ መጫወት ይችላል።

ቅኝቶቹ በነጭ ቁልፎች

በሁለተኛው ምሽት ወደ ነጮቹ ይምጡ። እያንዳንዱ መስመር ከማረፊያው ድምፅ ይጀምራል፤ ማረፊያ ማለት ዜማው ዞሮ ዞሮ የሚቀመጥበት ድምፅ ነው።

ትዝታ ሜጀር፦ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ
ትዝታ ማይነር፦ ላ ሲ ዶ ሚ ፋ
ባቲ ሜጀር፦ ዶ ሚ ፋ ሶል ሲ
ባቲ ማይነር፦ ላ ዶ ሬ ሚ ሶል
አምባሰል፦ ሚ ፋ ላ ሲ ዶ
አንቺሆዬ፦ ሲ ዶ ሚ ፋ፣ ከዚያም በሶልና በላ መካከል ያለው ጥቁር

ሁሉንም በአንድ ሳምንት አይያዙ። አንድ ቅኝት እጅ ውስጥ እስኪገባ ሌላው ይቆይ። ጣትን በተመለከተ፣ በትዝታ ሜጀር አውራ ጣት ዶን፣ ሌባ ጣት ሬን፣ መሃል ጣት ሚን ይይዛሉ። ከሚ በኋላ አውራ ጣት ከሥር አልፎ ሶልን ይይዝና ሌባ ጣት ላን ይነካል። ወደ ላይኛው ዶ አውራ ጣት እንደገና ያልፋል። በዚህ አኳኋን ቁልፉ እስኪያልቅ መውጣት ይቻላል። ሲወርዱ ያው ተገልብጦ ነው። መጀመሪያ ላይ መዘግየት አያሳፍርም፤ ፍጥነት ተፈልጎ አይመጣም።

ሰንጠረዡን ልብ ብለው ካዩት ትዝታ ማይነርና አምባሰል የያዟቸው አምስት ድምፆች ያው ናቸው። ትዝታ ሜጀርና ባቲ ማይነርም እንዲሁ። የሚለያቸው ማረፊያው ነው፤ ጀማሪ ኪቦርድ ተጫዋች አምባሰልን የሚያበላሸውም እዚሁ ላይ ነው።

ግራ እጅ

በግራ እጅ ሦስት ድምፅ ካልያዝኩ ሙዚቃ አይሆንም ብሎ ማመን ከውጭ ትምህርት የመጣ ልማድ ነው። በትዝታ ሜጀር ብዙ አይጎዳም፤ ከአምስቱ ድምፆች ሁለት ኮርዶች ይወጣሉ፦ ዶ ሚ ሶል እና ላ ዶ ሚ። በባቲ ሜጀርም ዶ ሚ ሶል እና ሚ ሶል ሲ አሉ።

አምባሰል ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ማረፊያው ሚ ነው፣ ከአምስቱ ድምፆች ግን በሚ ላይ የሚቆም ኮርድ አይወጣም፤ የሚወጡት ላ ዶ ሚ እና ፋ ላ ዶ ናቸው። ግራ እጅዎ ላ ዶ ሚን በያዘ ቅጽበት ጆሮ ላን ማረፊያ አድርጎ ይቀበላል፣ ቀኝ እጅዎ ምንም ቢያዜም የሚሰማው ትዝታ ማይነር ይሆናል። አምባሰል ነው ብለው የጀመሩት ዘፈን ሳያውቁት ሌላ ቅኝት ሆነ ማለት ነው።

ይህን በጆሮዎ ለማረጋገጥ እንዲህ ያድርጉ። በግራ እጅ ዝቅ ብለው ሚንና ሲን አብረው ይያዙ፣ አይልቀቁ። በቀኝ እጅ ከላይኛው ዶ ተነሥተው ሲ፣ ላ፣ ፋ እያሉ በእርጋታ ይውረዱና ሚ ላይ ይቁሙ። ከዚያ ቀኝ እጅዎ ያንኑ ሲደግም ግራ እጅዎ ላንና ሚን ይያዝ። በመጀመሪያው ዜማው ተቀምጧል፤ በሁለተኛው ገና የሚቀጥለው ነገር እንዳለ ሆኖ ይንጠለጠላል። ይህን ልዩነት የሰማ ጆሮ ከዚያ በኋላ ኮርድ ሲመርጥ ይጠነቀቃል።

ስለዚህ በአምባሰል ሚና ሲ ይበቃሉ። አንቺሆዬ ከዚህም የባሰ ቁጥብነት ይፈልጋል። ሲ ከታች ሆኖ፣ ሚና ሲ በአምባሰል እንደተጣመሩት ከላይ ተጣምሮ የሚያጸናው ድምፅ በቅኝቱ ውስጥ ስለሌለ፣ ሲን ብቻ በታችና በላይ መያዝ ይሻላል። ባዶ መሰለኝ ብለው አይጨምሩ።

በዚሁ ምክንያት በኪቦርዱ ውስጥ ያለውን አውቶማቲክ አጃቢ ያጥፉት። የነኩትን ወደ ሙሉ ኮርድ የሚቀይረው እሱ ነው። ከበሮውን ብቻ ማስቀረት ይቻላል።

ምትና ማስጌጥ

ለችክችካ እስከ 6 ይቁጠሩ፤ 1 እና 4 ላይ ጫን ይበሉ። ቁልፍ ከመንካትዎ በፊት በእግርዎ ወለሉን እየመቱ በአፍዎ ይቁጠሩ፣ ከዚያ ግራ እጅዎ 1 ላይ ማረፊያውን በታችኛው፣ 4 ላይ በላይኛው ይምታ። ከበሮ ከኪቦርዱ ከመረጡ 6/8 የሆነውን ይምረጡ፤ በ4/4 ላይ ችክችካ ለመጫን መታገል ልፋት ብቻ ነው።

ማስጌጫው ከመሰንቆና ከክራር ይቀዳል። ትዝታ ሜጀር ላይ ሶል ሊያርፉ ሲሉ ላን በፈጣን ንክኪ አስቀድመው ይጣሉ። አጠገቡ ያለውን ፋ ግን አይንኩ፣ ምክንያቱም በቅኝቱ ውስጥ የለም። ጎረቤት ማለት የቅኝቱ ጎረቤት እንጂ የቁልፉ አይደለም። ድምፁን የሚያስረዝመውን ፔዳል መጀመሪያ ላይ ይተዉት፤ ስህተትን ይሸፍናል፣ እርስዎም አይሰሙትም። በየሳምንቱ አንድ ቀን ልምምዱን በስልክዎ ቀድተው በማግስቱ ሥራ ሲሄዱ ያዳምጡ፤ የተዛባው ምት ያኔ በግልጽ ይሰማል።

ከዘፋኝ ጋር

በዓል ወይም ልደት መጥቶ አክስትዎ "እስቲ አጅበኝ" ሲሉ አዲስ ቁልፎች መማር አያስፈልግም። ትራንስፖዝ የሚለው መቆጣጠሪያ እርስዎ ነጮቹን ሲነኩ ድምፁን ከፍና ዝቅ ያደርግልዎታል። መጀመሪያ እርሳቸው ብቻቸውን ትንሽ ያዚሙ። ስንኙ የሚያርፍበትን ድምፅ በአንድ ጣት እየፈለጉ ያግኙት። ትዝታ ሜጀር ሆኖ ማረፊያቸው ላ ላይ ከወደቀ ከዶ በ3 ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነውና ትራንስፖዙን ወደ -3 ያውርዱ። ከሬ ቀጥሎ ያለው ጥቁር ከሆነ +3 ያድርጉ። ከዚያ ያው ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነው።

ክራር ተጫዋች አብሮ ካለ ክሩን የሚያስተካክለው እርስዎ በሚነኩት ቁልፍ ስም ሳይሆን በሚወጣው ድምፅ ነው። ስለዚህ "ዶ ነው" ከማለት ይልቅ ድምፁን ይስጡትና በጆሮው ይቃኝ። የኪቦርድ ግማሽ ድምፆች ሁሉም እኩል ናቸው፣ የክራርና የመሰንቆ ግን እንደ ተጫዋቹ ጆሮ ትንሽ ይለያያሉ። በተለይ በአንቺሆዬ ሁለቱ ሲገናኙ የሚሻክር ነገር ቢሰማ የማንም ጥፋት አይደለም። ከፍ ያሉ ኪቦርዶች እያንዳንዱን ድምፅ ለብቻው የሚያስተካክል ክፍል አላቸው፤ ያ ከሌለ የሚሻክረውን ድምፅ ለክራሩ ይተዉለት፣ እርስዎ ማረፊያውን ይያዙ።

ሲጨርሱ ትራንስፖዙን ወደ ዜሮ ይመልሱ፤ ነገ ማታ ሲከፍቱት እንዳይደናገሩ።