ለአማርኛ ንባብ ታብሌት ወይስ ኢ-ሪደር?

ታብሌት ወይም ኢ-ሪደር (ለመጽሐፍ ንባብ ብቻ የተሠራ መሣሪያ) ከመምረጣችሁ በፊት የምታነቡት ፋይል ምን ዓይነት እንደሆነ እዩ። በቴሌግራም የሚዘዋወሩት የአማርኛ መጻሕፍት ብዙዎቹ ስካን የተደረጉ ፒዲኤፎች ናቸው። ስካን ማለት ፎቶ ነው፤ ፊደሉን ለብቻው ማሳደግ አይቻልም። ገጹን ስታሰፉት መስመሩ ከስክሪኑ ይወጣል፣ በ6 ኢንች ኪንድል (የአማዞን ኢ-ሪደር) ላይ ግራ ቀኝ ስትጎትቱ ትውላላችሁ። ለዚህ 10 ኢንች ታብሌት ይሻላል። ራሙ ከ4 ጂቢ ባያንስ ጥሩ ነው፤ አለዚያ ከባድ ፒዲኤፍ ገጽ በገለጣችሁ ቁጥር ይንቀራፈፋል።

የምታነቡት በአብዛኛው ኢፐብ (ፊደሉን ማሳደግ የሚቻልበት የመጽሐፍ ፋይል) ከሆነ ግን ያለ ጥርጥር ኢ-ሪደር ግዙ። ጣና ዳር በቀትር ፀሐይ የታብሌት ስክሪን መስታወት ሆኖ ፊታችሁን ያሳያችኋል፤ የኢ-ሪደር ገጽ ብርሃን ሲበዛበት ይበልጥ ይጠራል። ቻርጁም ሳምንታት ስለሚቆይ ባሕር ዳር መብራት ቢጠፋ አያሳስብም።

አማርኛው ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከመጣ መሣሪያው የግዕዝ ፎንት የለውም ማለት ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለውን ነፃ ፎንት አውርዱ፣ በኬብል ወደ ኪንድሉ የፎንት ፎልደር ገልብጡ፣ ከዚያ መጽሐፉን ከፍታችሁ ከፊደል ምርጫው ውስጥ ምረጡት። ኢፐብ ግን በኬብል ቢገለበጥ ኪንድል አይከፍተውም፤ ሴንድ ቱ ኪንድል በተባለው የአማዞን የፋይል መላኪያ ላኩት።

ሱቅ ስትሄዱ የራሳችሁን የአማርኛ ፋይል ይዛችሁ ሂዱ፣ ሳትከፍሉ አስከፍታችሁ አንብቡ። ያገለገለ ኪንድል ከሆነ የቀድሞው ባለቤት አካውንት መውጣቱን እዚያው አረጋግጡ።