ሐኪሙ ጋ ሳይደርሱ የሚሠሩ ስህተቶች

ባሕር ዳር ላይ ድመት ማሳደግ ከዓሣ ጋር መኖር ነው። ጣና ዳር አምባዛና ቆሮሶ ሲጸዳ ከሚጣለው ጭንቅላትና አንጀት ውስጥ አንዳንዴ መንጠቆ ከነክሩ ይቀራል። ድመቷ ትውጠዋለች። ከአፏ ጥግ የተንጠለጠለ ክር ስታዩ እጃችሁ ሳታስቡት ሊጎትት ይሄዳል።

አትጎትቱ። እኔ አንዴ ጎትቼ አውቃለሁ፤ ስህተቴ የገባኝ ስትጮኽ ነው። መንጠቆው ጉሮሮዋ ላይ ይበልጥ ይሰካል። ክሩ አንጀት ድረስ ከወረደ ደግሞ ሲወጠር አንጀቱን እንደ መጋዝ ይቆርጠዋል። ከሥሩም አትቁረጡት፤ ለሐኪሙ መንገድ የሚያሳየው እሱ ነው። ጫፉን አንገቷ ላይ በፕላስተር ያዙት፣ ምግብ ከልክሏት፣ ራጅ ወዳለበት ክሊኒክ ውሰዷት። ክሩ በኋላዋ ቢወጣም ያው ነው፤ መጎተት የለም።

"እስከዚያ ሕመሟ ይቀልላት" ብሎ ፓራሲታሞል መስጠት ሌላው ነው። የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት ማስወገድ አይችልም። ግማሽ ክኒን ሊገድላት ይችላል። ኢቡፕሮፌን ለውሻም አይሆንም።

ነገ ማህፀኗ የሚወጣላትን ውሻ "ባዶ ሆዷን እንዴት ትቆረጣለች" ብሎ ማታ ፍትፍት ማጉረስም አለ። አንጀት አይችልም፣ ይገባኛል። ግን ደንዝዛ ሳለች ካስመለሳት ፍትፍቱ ሳንባዋ ይገባል። ሐኪሙ ያዘዘውን ሰዓት ጠብቁ።

ከጋሪ ነጂዎች ጋር የምከራከረው ግን ፈረስ በማኮላሸት ነው። "ሳይሰፋው ሄደ!" ይላሉ ስለ ሐኪሙ። ቁስሉ ብዙ ጊዜ ክፍት የሚተወው ሆን ተብሎ ነው፤ ፈሳሹ መውጫ ይፈልጋል። እነሱ ግን በአመድ፣ በእበት ወይም ከሞተር በወጣ የተቃጠለ ዘይት ይደፍኑታል። የመንጋጋ ቆልፍ ጀርም አፈርና ፋንድያ ውስጥ ይኖራል፤ ፈረስ ደግሞ ከቤት እንስሳት ሁሉ ለዚህ በሽታ የተጋለጠ ነው። መከላከያውን ከመኮላሸቱ በፊት ጠይቁ። ጊዜ መምረጥ ከቻላችሁም ክረምቱን፣ ጭቃውንና ዝንቡን አሳልፉት።

"ይረፍ" ብሎ አስሮ ማዋልም አይጠቅመውም። በማግስቱ ቀስ እያላችሁ አንሸራሽሩት፣ እብጠቱ ይቀንሳል። ጋሪ ግን አይጎትትም። ደም ጠብ ጠብ ቢል አትደንግጡ፤ ሩብ ሰዓት ሙሉ ሳያቋርጥ ከፈሰሰ ግን ስልክ አንሱ። በቁስሉ አንጀት ከወጣ በንጹሕና እርጥብ ጨርቅ ደግፋችሁ ያዙት፣ አንድ ደቂቃም አትጠብቁ።

የመጨረሻው ስህተት የሚሠራው በፈረስ የሆድ ቁርጠት ላይ ነው። ፈረሱ ጎኑን እያየ መሬት ሲጭር፣ ሲንከባለል፣ አንዱ ኮካ ሌላው አረቄ ያንቆረቁርለታል። መጠጡ ወደ ሳንባው ሊሄድ ይችላል። ፈረስ ማስመለስ ስለማይችልም በተነፋ ሆድ ላይ መጨመር ሆዱን እስከ ማፈንዳት ሊደርስ ይችላል። አንጀቱ ተጠማዞ ከሆነ ደግሞ ከቀዶ ሕክምና በቀር የሚፈታው ነገር የለም። ምግብ አንሱለትና ሐኪም ጥሩ። ሲመጣ መጀመሪያ ከሚጠይቃችሁ አንዱ ፋንድያ የጣለው መቼ እንደሆነ ነው፤ ሰዓቱን ያዙ።