ሰርቨሩ ታድሶ ድረ ገጻችሁ ሲበላሽ፦ ከነጭ ገጽ እስከ ተበላሸ ፊደል

ማታ ደህና የነበረ ድረ ገጽ ጠዋት ሲከፈት ባዶ ነጭ ከሆነ፣ ወይም «ኮምቦልቻ» የሚለው ርዕስ በማይነበብ ምልክት ተተክቶ ከመጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ የእናንተን ፋይል የነካው የለም። የተቀየረው ከሥር ያለው ሶፍትዌር ነው፤ ፒኤችፒው (የገጹ ኮድ የተጻፈበት ቋንቋ) ወይም ዳታቤዙ (ጽሑፎቻችሁ የሚቀመጡበት)። ሆስቲንግ ድርጅቶች (ሰርቨሩን የሚያከራዩት) አብዛኛውን ጊዜ አሮጌ ቨርዥን ይዘው ብዙ አይቆዩም። ፒኤችፒ 7.4 ለምሳሌ የደህንነት እድሳት ማግኘቱን ያቆመው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ነው። ደሴ ፒያሳ ላለ ፎቶ ቤት ከዓመታት በፊት ተሠርቶ ከዚያ ወዲህ ማንም ዞር ብሎ ያላየው ገጽ አንድ ቀን ወደ 8.2 ወይም 8.3 ይሻገራል፤ ኮዱ ግን ተሠርቶ በቆመበት እንዳለ ነው።

ጥፋቱ ይገኛል፣ አይዟችሁ። ነገሩን የሚያከፋው በድንጋጤ እዚህም እዚያም መነካካት ነው። በተለይ አንድ ነገር አደራ፦ ፊደሉ ተበላሽቶ እየታየ ሳለ አንድም ጽሑፍ ከፍታችሁ «አፕዴት» አትበሉ። የተበላሸው አነባበቡ ብቻ ከሆነ በአንድ መስመር ይስተካከላል። ሴቭ ካደረጋችሁት ግን ብልሽቱ ራሱ ዳታቤዙ ውስጥ ይጻፋል።

መጀመሪያ ገጹን በዋይፋይም በሞባይል ዳታም፣ ደግሞም በብራውዘሩ የግል መስኮት ክፈቱት። አንዱ ጋ ከፍቶ ሌላው ጋ እምቢ ካለ ችግሩ ኔትወርኩ ወይም ካሹ (ብራውዘሩ ያስቀመጠው የድሮ ቅጂ) ነውና ሰርቨሩን ተዉት።

ከመንካት በፊት ኮፒ

ከደሴ በሞባይል ዳታ ሙሉ ድረ ገጽ ማውረድ ውድ ነው፤ ደግሞም አያስፈልግም። ፎቶዎቹ ያሉበትን ማህደር እድሳቱ አይነካውም። የሚያስፈልጓችሁ ዳታቤዙና የኮንፊግ ፋይሉ (የዳታቤዙ ስምና ፓስዎርድ የተጻፈበት የሴቲንግ ፋይል) ናቸው። በፒኤችፒማይአድሚን (ዳታቤዙን በብራውዘር የምትከፍቱበት መሣሪያ) «ኤክስፖርት» ስትሉ «ጂዚፕ» የሚለውን መጨመቂያ ምረጡ፤ ጽሑፍ ስለሆነ በእጅጉ ያንሳል። የቀሩትን ፋይሎች በሲፓነል (የሆስቲንጉ መቆጣጠሪያ ገጽ) ፋይል ማኔጀር እዚያው ሰርቨሩ ላይ ዚፕ አድርጋችሁ፣ ድረ ገጹ ከሚታይበት ከ«ፐብሊክ ኤችቲኤምኤል» ማህደር ውጭ አስቀምጡት። ውስጡ ከተዋችሁት አድራሻውን የገመተ ሁሉ ያወርደዋል፤ የዳታቤዙ ፓስዎርድ ደግሞ እዚያ ውስጥ አለ።

መብራት ሊሄድ ይችላል ብላችሁ በምትጠረጥሩበት ሰዓት ፋይል አትላኩ። በኤፍቲፒ (ፋይል ወደ ሰርቨር መላኪያ መንገድ) እየሄደ ግማሽ ላይ የተቋረጠ የፒኤችፒ ፋይል «ፋይሉ ሳይጠበቅ አለቀ» የሚል ስህተት ያመጣል፤ እናንተም የእድሳቱ ጣጣ መስሏችሁ ቀኑን ሙሉ ስትፈልጉ ትውላላችሁ። ከላካችሁ በኋላ ኮምፒውተራችሁ ላይ ያለውን መጠንና ሰርቨሩ ላይ ያለውን መጠን አስተያዩ። በትእዛዝ መስመር የምትሠሩ ከሆነ ሥራውን በ«ስክሪን» ወይም በ«ቲመክስ» ውስጥ ጀምሩት፤ መስመሩ ቢቋረጥም ሥራው ሰርቨሩ ላይ ይቀጥላል።

ሎጉ ይናገራል

መገመት አያስፈልግም፤ የስህተት ሎጉ (ሰርቨሩ ስህተቶችን የሚመዘግብበት ፋይል) ጥፋተኛውን በስሙ ይጠራዋል። በሲፓነል «ኤረር ሎግ» የተባለው ፋይል ብዙ ጊዜ እዚያው ድረ ገጹ ማህደር ውስጥ ነው። ዎርድፕረስ የምትጠቀሙ ደግሞ በኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ «ኤዲት ማድረግ እዚህ ላይ ይቁም» ከሚለው የእንግሊዝኛ ማስታወሻ በላይ ሦስት ነገር አስገቡ፦ ዲባግ (ስህተት መከታተያው) ይብራ፣ ዲባግ ሎግ ይብራ፣ ዲባግ ዲስፕሌይ ይጥፋ። ሦስተኛው የግድ ነው፤ ካልጠፋ የሰርቨራችሁ የውስጥ መንገድ ለጎብኚ ሁሉ ይታያል። ከዚያ የተበላሸውን ገጽ አንድ ጊዜ ብቻ ክፈቱና ሎጉን ከመጨረሻው መስመር ወደ ላይ አንብቡት።

ሰዓቱ እንዳያደናግራችሁ። ሰርቨሩ ብዙ ጊዜ የሚጽፈው በዩቲሲ (የዓለም አቀፍ መነሻ ሰዓት) ነው፤ የእኛ ሰዓት በ3 ይቀድማል። ሎጉ 07:15 ካለ እዚህ 10:15 ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4:15 ማለት ነው። አቋራጩ፣ ለቀን ሰዓት፣ ከዩቲሲው ላይ 3 መቀነስ ነው። እናንተ ገጹን ከከፈታችሁበት ደቂቃ ጋር የማይገጥም መስመር የዛሬው ጥፋት አይደለም፤ እለፉት።

እያንዳንዱ መስመር የስህተቱን ዓይነት፣ መልእክቱን፣ ፋይሉንና የመስመር ቁጥሩን ይዟል። «ዲፕሪኬትድ» የሚል መስመር በመቶ ቢቆጠርም ገጹን አያቆመውም፤ ወደፊት ይቀራል የሚል ማሳሰቢያ ነው። ገጹን የሚገድለው «ፌታል» የሚለው ነው። የፋይሉ መንገድ «ፕለጊንስ» ውስጥ ከሆነ ከእሱ ቀጥሎ ያለው የማህደር ስም ጥፋተኛው ፕለጊን (ዎርድፕረስ ላይ የሚጨመር ፕሮግራም) ነው፤ «ቲምስ» ውስጥ ከሆነ ዲዛይኑ ነው።

ነጭ ገጽ ወይም 500 (የሰርቨር ውስጣዊ ስህተት)

ጥፋተኛው ፕለጊን ከሆነ በፋይል ማኔጀር የማህደሩን ስም ቀይሩት፤ መጨረሻው ላይ አንድ ቁጥር መጨመር ይበቃል። ዎርድፕረስ ሲያጣው ራሱ ያጠፋዋል፣ ሴቲንጉ ግን ዳታቤዙ ውስጥ ይቆያል። አትሰርዙት። ከ5.2 ቨርዥን ወዲህ ዎርድፕረስ ራሱ እንዲህ ያለ ስህተት ሲገጥመው ለአድሚኑ ኢሜይል መጠገኛ ሊንክ ይልካል፤ የስፓም ሳጥኑንም እዩ።

መልእክቱ «ያልታወቀ ፈንክሽን ተጠራ» የሚል ከሆነ የፈንክሽኑን ስም ተመልከቱ፤ ሁለት የተለያየ በሽታ ነው። ስሙ «ማይኤስኪውኤል ኮኔክት»፣ «ኢች» ወይም «ክሪኤት ፈንክሽን» ከሆነ ከቋንቋው ራሱ ወጥቷል። የመጀመሪያው በፒኤችፒ 7.0፣ ሁለቱ በ8.0 ተወግደዋልና ኮዱ መቀየር አለበት። ስሙ በ«ኤምቢ» የሚጀምር ከሆነ ወይም የምስል ሥራ ከሆነ ግን ኮዱ ምንም አላጠፋም፤ አዲሱ ፒኤችፒ ላይ ኤክስቴንሽኑ (የፒኤችፒ ተጨማሪ ክፍል) አልተጫነም። ኤክስቴንሽን ለእያንዳንዱ ቨርዥን ለብቻው ነው የሚጫነው፤ በ7.4 ላይ የነበረው ወደ 8.3 አብሮ አይሄድም። «ኤምቢስትሪንግ»፣ «ማይኤስኪውኤልአይ»፣ «ጂዲ»፣ «ኤክስኤምኤል»፣ «ዚፕ» እና «ከርል» መኖራቸውን አረጋግጡ።

በእጅ የተጻፈ አሮጌ ኮድ ካላችሁ በስሞቹ ላይ «አይ» ጨምሮ ወደ ማይኤስኪውኤልአይ (ፒኤችፒ ከዳታቤዙ ጋር የሚገናኝበት አዲሱ መንገድ) መቀየር ብቻውን አይበቃም። የድሮው «ኩዌሪ» ጥያቄው ብቻ ይበቃው ነበር፤ አዲሱ መጀመሪያ ግንኙነቱን፣ ቀጥሎ ጥያቄውን ይፈልጋል። ሌላም አለ፦ ከ8.1 ጀምሮ ማይኤስኪውኤልአይ ጥያቄው ሲከሽፍ ዝም ብሎ ሐሰት መመለሱን ትቶ ኤክሴፕሽን (ኮዱ ካልያዘው ሥራውን የሚያቆም ስህተት) ይወረውራል። ድሮ ተደብቆ የኖረ ስህተት አሁን ገጹን የሚያቆመው ለዚህ ነው።

500 እያለ ሎጉ ላይ ምንም የፒኤችፒ መስመር ከሌለ ጥርጣሬያችሁ ወደ «ኤችቲአክሰስ» (የሰርቨሩ መመሪያ የሚጻፍበት) ፋይል ይዙር። ስሙ በነጥብ ስለሚጀምር የተደበቀ ነው፤ በፋይል ማኔጀር ሴቲንግ ውስጥ የተደበቁትን አሳይ በሉት። በውስጡ «ፒኤችፒ ቫልዩ» ወይም «ፒኤችፒ ፍላግ» የሚል መስመር ካለ አዲሱ አሠራር ላያውቀው ይችላልና ከፊቱ የፓውንድ ምልክት (#) አድርጉ። የድሮውን ፒኤችፒ ቨርዥን በስም የሚጠራ «አድሃንድለር» ካለም እንደዚያው።

ደንበኛ እየጠበቃችሁ ከሆነ በሲፓነል «መልቲ ፒኤችፒ ማኔጀር» ገብታችሁ ለዚያ ዶሜን ብቻ የቀድሞውን ቨርዥን መልሱ፤ ሆስቲንጉ እስካላጠፋው ድረስ ይሠራል። ይህ ድልድይ ነው፤ በሳምንት ውስጥ ኮዱን አስተካክላችሁ ተሻገሩ።

ኡቡንቱ ላይ የራሳችሁ ሰርቨር ካላችሁ

ኡቡንቱ 20.04 ይዞ የመጣው ፒኤችፒ 7.4 ነው፣ 22.04 በ8.1፣ 24.04 በ8.3። ኢንጂንኤክስ (ገጹን ለጎብኚ የሚያቀርበው ሶፍትዌር) ግን ፒኤችፒን የሚያገኘው የቨርዥን ቁጥር ባለበት የሶኬት ፋይል (ሁለቱ የሚገናኙበት) ነው። እድሳቱ ሲያልቅ የ7.4 ሶኬት የለም፣ የኢንጂንኤክስ ኮንፊግ ግን አሁንም እሱኑ ይፈልጋል፤ ውጤቱ 502 የሚል ስህተት ነው። ቁጥሩን አስተካክሉ፣ ኮንፊጉን በመፈተሻ ትእዛዙ ፈትሹ፣ ከዚያ ሪሎድ አድርጉ። በአፓቼ (እንደ ኢንጂንኤክስ ያለ ሌላ ሶፍትዌር) ደግሞ አሮጌው የፒኤችፒ ሞጁል ወጥቶ አዲሱ ሳይበራ ከቀረ ገጹ በሚሠራበት ቦታ የፒኤችፒው ኮድ ራሱ ለሰው ይታያል። ይህ ሲሆን ጥገናውን ሳትጀምሩ አፓቼን አቁሙ፤ ከተጠገነም በኋላ የዳታቤዙን ፓስዎርድ ቀይሩ።

ዋናው ገጽ ከፍቶ የውስጦቹ 404 (ገጹ አልተገኘም) ካሉ ዎርድፕረስ ውስጥ «ፐርማሊንክስ» ገብታችሁ ምንም ሳትቀይሩ ሴቭ በሉ። ፎቶ አልጫን ካለ የፒኤችፒ ሴቲንጉ ወደ መነሻው ተመልሶ ሊሆን ይችላል። መነሻው ለአንድ ፋይል 2 ሜጋባይት፣ ለአንድ መላክ 8 ሜጋባይት ነው፤ የሠርግ ፎቶ ለሚጭን ፎቶ ቤት አይሆንም። ወደ 16 እና 32 ከፍ አድርጉት፤ ሁለተኛው ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ይብለጥ።

ፊደሉ ሲበላሽ

ለአማርኛ ገጽ ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ በእንግሊዝኛ የተጻፉት መመሪያዎች ደግሞ በአንድ መስመር ያልፉታል። በዩቲኤፍ-8 (ኮምፒውተር ፊደልን በባይት የሚጽፍበት ስልት) አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «ኮምቦልቻ» 5 ፊደል ነው፣ 15 ባይት። ስለዚህ ቁጠሩ።

በእያንዳንዱ ፊደል ቦታ ሦስት ሦስት እንግዳ ምልክት ከመጣ፣ ከሦስቱ የመጀመሪያው ደግሞ ሁልጊዜ አናቱ ላይ ሰረዝ ያለበት የላቲን «ኤ»፣ á፣ ከሆነ (ሦስተኛው አንዳንዴ አይታይም)፣ ደስ ይበላችሁ፤ ጽሑፋችሁ ሙሉ በሙሉ አለ። እያንዳንዱ ባይት እንደ አንድ የላቲን ፊደል እየተነበበ ነው። የተለመደው ምክንያት ይህ ነው፦ ማይኤስኪውኤል በተባለው ዳታቤዝ፣ በ5.7 ቨርዥን የሰርቨሩ መነሻ ፊደል «ላቲን1» ነበር፣ በ8.0 «ዩቲኤፍ8ኤምቢ4» ሆነ። የድሮ ድረ ገጽ በኮንፊጉ ላይ ቻርሴት (የፊደል አጻጻፍ ስልቱን) ካልጠቀሰ አማርኛውን ላቲን1 በተባለ ሠንጠረዥ ውስጥ እያስገባ፣ በዚያው መንገድ እያወጣ ደህና ኖሯል። እድሳቱ የሚወጣበትን መንገድ ብቻ ቀየረው።

ለጊዜው ኮንፊግ ፋይሉ ላይ የዳታቤዙን ቻርሴት «ላቲን1» በሉት፤ ገጹ ወዲያው ይነበባል። ዘላቂው መፍትሔ ዳታቤዙን በ«ማይኤስኪውኤልደምፕ» ትእዛዝ፣ ቻርሴቱን ላቲን1 ብላችሁ ማውጣት ነው። በፒኤችፒማይአድሚን የወጣው ኮፒ ለመጠባበቂያ ይሁን እንጂ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ የተበላሸውን መልክ ነው ይዞ የሚወጣው። የወጣውን ፋይል በዩቲኤፍ-8 ከፍታችሁ አማርኛው በትክክል መነበቡን እዩ። ካልተነበበ እዚያው ላይ አቁሙ። ከተነበበ የቻርሴትና የኮሌሽን (የፊደል ማወዳደሪያ ደንብ) መግለጫ ባለበት ብቻ ላቲን1ን በዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ተኩ፤ ከዚያ አዲስ ባዶ ዳታቤዝ ውስጥ አስገቡና ኮንፊጉን ወደ እሱ አዙሩ። አሮጌውን ቢያንስ አንድ ወር አትሰርዙት። ሠንጠረዡን በፒኤችፒማይአድሚን በቀጥታ «ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ቀይር» ማለት ትልቅ ስህተት ነው፤ የተሳሳተውን ንባብ እውነት አድርጎ ያትመዋል።

በ«ኮምቦልቻ» ቦታ 5 የጥያቄ ምልክት ከመጣ ግን ጥንቃቄ። ፒኤችፒማይአድሚን ውስጥ ሠንጠረዡን ክፈቱ። እዚያ አማርኛው ከተነበበ የተሳሳተው ግንኙነቱ ነው፤ ኮንፊጉ ላይ ቻርሴቱን ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ማድረግ ይበቃል። እዚያም የጥያቄ ምልክት ከሆነ ፊደሉ ጠፍቷል፤ የጥያቄ ምልክት ወደ ፊደል የሚመልስ መሣሪያ የለም፣ ከባክአፕ መመለስ ብቻ ነው።

ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ብቻ ጥቁር ዳይመንድ ውስጥ ያለ የጥያቄ ምልክት ከታየ ኮዱ ጽሑፉን በባይት እየቆረጠ ነው፤ ለምሳሌ 100 ባይት ላይ ቢቆርጥ፣ 100 ለ3 ስለማይካፈል የመጨረሻው ፊደል ለሁለት ይሰነጠቃል። «ሰብስትር» የሚለውን ወደ «ኤምቢ ሰብስትር» ቀይሩት። ባዶ ሳጥን ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከሰርቨሩ ጋር አይገናኝም፤ ፎንት ነው፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ገጹ ላይ ጫኑ።

ለሆስቲንጉ ስትጽፉ

«ድረ ገጼ አይሠራም» የሚል መልእክት መልሶ ጥያቄ ያስከትላል፤ አንድ ቀን ይባክናል። እንዲህ ጻፉ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ከትናንቱ እድሳት ወዲህ ዶሜኔ 500 ያመጣል። የመጨረሻ ሙከራዬ በ07:15 ዩቲሲ ነበር። ፒኤችፒ 8.3 ላይ ነኝ፣ ኤምቢስትሪንግ የለም ይላል። የሎጉን መስመር አያይዣለሁ። እባክዎ ኤክስቴንሽኑን ይጫኑልኝ።» ሰዓቱን በዩቲሲ ጻፉ፤ «ጠዋት 4 ሰዓት» ብትሉ ሌላ አገር ያለ ቴክኒሻን ከንጋቱ በፊት ያለውን ሎግ ሲያገላብጥ ይውላል።

ሁሉም ሲስተካከል ዲባጉን አጥፉ፤ «ዲባግ ሎግ» ፋይሉንም ሰርዙት። ብዙ ሰርቨር ላይ አድራሻውን የጻፈ ማንም ሰው ሊያነበው ይችላል።