ያማሃ ዲኤክስ7 ድምፆቹን ሲረሳ ያዳነኝ መላ

ደብረ ብርሃን ላይ ለሠርግ የምንጫወትበት ዲኤክስ7 ኪቦርድ፣ ባጠፋነው ቁጥር ድምፆቹን ይረሳ ጀመር። ሲበራ የድምፆቹ ስም ዝብርቅርቅ ፊደል ነው። ቁልፉን ስትነኩ ጩኸት ብቻ።

መጀመሪያ 32ቱን ድምፆች ከላፕቶፕ በሚዲ (ኪቦርድን ከኮምፒውተር በሚያገናኘው መስመር) መልሼ ጫንኩ። ሠራ፤ ሲጠፋ ግን ያው ሆነ። የውስጥ ሶኬቶቹን ነቅዬ አጸዳሁ፣ ጠብ የሚል ነገር የለም።

ነገሩ የገባኝ ፈንክሽን ተጭኜ 14 ቁጥርን ስነካ ነው። ስክሪኑ፣ ኪቦርዱ ሲጠፋ ድምፆቹን የሚይዝለትን የውስጥ ባትሪ ቮልት ያሳያል። 3 አካባቢ መሆን ሲገባው በጣም ወርዷል። ኪቦርዱ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው፤ ባትሪው ደግሞ ቦርዱ ላይ ተበይዶ ነው የሚመጣው።

ባትሪው ተራ ሲአር2032 (እንደ ሳንቲም ክብ የሆነው ትንሽ ባትሪ) ነው፣ የትም ሱቅ አለ። የቸገረኝ መያዣው ነበር። እሱንም ከተበላሸ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ማዘርቦርድ ላይ ነቀልኩት። ኪቦርዱን ከኤሌክትሪክ ነቅዬ፣ አሮጌውን ባትሪ አወጣሁ፤ ፕላስና ማይነሱን ለይቼ መያዣውን በአጫጭር ሽቦ በየድኩት። አደራ፣ ባትሪው ላይ ካውያ አታሳርፉ፤ ሊፈነዳ ይችላል።

ድምፆቹን መልሳችሁ ስትጭኑ የኢንተርናል ሜሞሪ ፕሮቴክት (የውስጥ ድምፆቹ እንዳይቀየሩ የሚቆልፈው) ኦፍ መሆኑን እዩ፤ ካልሆነ አይቀበልም። አሁን አጥፍቼ ሳበራው ሁሉም በቦታው ነው።